ለእንቁጣጣሽ የገዛችሁትን በግ ዳቦ አታብሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ከሾላ ገበያ ወይም ከመንገድ ዳር የተገዛ በግ በልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር፣ በአብነትና በተክለ ሃይማኖት ጠባብ ግቢዎች ታስሮ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል። ባለቤቶቹም ይደልብልናል ብለው የተረፈ ዳቦና እንጀራ፣ አቅሙ ያላቸው ደግሞ ስንዴና በቆሎ ይደፉለታል። በማግስቱ በጉ አንገቱን ደፍቶ ጥርሱን ሲያፋጭ ይገኛል፤ አንዳንዱም ሞቶ ያድራል። ከዚያ ወሬው «ነጋዴው ጨው አብልቶ ሸጠን»፣ «ዓይን በላው»፣ «ምች መታው» ይሆናል። ለነጋዴው ጥብቅና መቆማችን አይደለም፤ ጨው አብልቶ በውኃ የሚነፋም አለ። ነገር ግን ገዳዩ ብዙ ጊዜ ያው በፍቅር የተደፋለት ምግብ ነው።

ዱለት የሚወድ ሁሉ ጨጓራን ያውቃል። ሽንፍላ ያጠበችም ሴት «ታጥቦ አይጠራም» የተባለበትን ምክንያት አትስተውም፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ነው። በግ አራት ክፍል ያለው ሆድ ሲኖረው ትልቁ ጨጓራው ነው፤ በጉ በሕይወት ሳለም ይህ ጨጓራ የጠላ ጋን ማለት ነው። ሣሩን የሚያብላሉት በጋኑ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችና ሌሎች ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። ሲያብላሉ የሚወጣው ቀለል ያለ አሲድ በጨጓራው ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል፤ በጉ ከሚያስፈልገው ኃይል ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ጋዙ ደግሞ በግሣት ይወጣል፣ በሰዓት እስከ 5 ሊትር።

ጋኑ በወጉ የሚሠራው አሲድነቱ በፒኤች ልኬት (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በረታ ማለት ነው) ከ6 እስከ 7 ሲሆን ነው። ልኩን የሚጠብቅለት ምራቅ ነው። በግ በቀን ከ6 እስከ 16 ሊትር ምራቅ ያመነጫል፤ በውስጡም አሲድ የሚያረክስ ባይካርቦኔት አለ፣ እሱም ከደሙ የተቀዳ። ምራቁ እንደ ልብ የሚፈሰው በጉ ረጅም ሣር ሲያኝክና ሲያመሰኳ ነው። ዳቦ ግን አይመሰኳም።

እህል ያልለመደ በግ በአንዴ ከበላው፣ ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ ከ50 እስከ 80 ግራም የተከካ ስንዴ ለሞት ይበቃዋል። ለ25 ኪሎ በግ ይህ ከ1.25 እስከ 2 ኪሎ ነው፤ ከስቶ የመጣው በትንሹ መጠን ይወድቃል። ከተበላ 6 ሰዓት ሳይሞላ ስታርች (የእህልና የዳቦ ዋና ይዘት) ወዳዶቹ ባክቴሪያዎች ሌሎቹን አፍነው ይራባሉ፣ ላክቲክ አሲድ ያመርታሉ፣ ፒኤቹም ከ5 በታች ይወርዳል። ሣር አብላዮቹ ያልቃሉ፤ ጨጓራው መንቀሳቀሱን ያቆማል። አሲድ የሞላው ጨጓራ ልክ እንደ ጨው ውኃ ይስባል፣ የሚስበውም ከደም ነው። ለዚህ ነው ሆዱ በፈሳሽ እየተንቦጫረቀ ዓይኑ ግን የሚሰረጉደው። ደሙ ይወፍራል፤ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ስለሚያንስ ሽንቱ ይቀንሳል፣ በሽንት መውጣት የነበረበትም አሲድ እዚያው ይቀራል። ሳንባ ሊያግዝ ይነሣል፦ በፍጥነት ተንፍሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባስወጣ ቁጥር የደሙ አሲድነት ትንሽ ይቀላል። ያረፈ በግ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ጥላ ሥር የቆመውን ቆጥራችሁ 40 ካገኛችሁ ሳንባው የጨጓራውን ዕዳ እየከፈለ ነው። ከ70 እስከ 80 ይመታ የነበረው ልቡም ከ100 ያልፋል። ካልታከመ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይሞታል።

የተረፈውም ቢሆን ሙሉ ጤነኛ አይሆንም። በአሲድ የተላጠው የጨጓራ ግድግዳ ባክቴሪያ ያሾልካል። ከጨጓራና ከአንጀት የሚነሣው ደም መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ውስጥ ስለሆነ፣ ከሳምንታት በኋላ ጉበቱ መግል ቋጥሮ ይገኛል። ሰኮናውም ውስጡ ተቆጥቶ ሊያነክስ ይችላል፤ ባለቤቱ ያን ጊዜ እሾህ ይፈልጋል።

መነፋት ራሱን የቻለ ሌላ ችግር ነው። በነሐሴና በመስከረም ለጉዝጓዝ ከሚታጨደው ሣር ጋር ማገጥ የተባለው ባለ ሦስት ቅጠል ተክል ይደባለቃል። እርጥብ ማገጥ በብዛት ሲበላ ጋዙ እንደ ሳሙና አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ አይገሣም። የተነፋው ጨጓራ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራሙን፣ ወደ ፊት ይገፋል፣ ሳንባ መዘርጊያ ያጣል፤ ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ትልቁ ሥርም ይጫናል። ይህ ሲሆን ሞቱ የሰዓታት ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ሳይነፋም ቢሆን ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል ያንሳል። ከቆላ ትናንት የመጣ በግ የባሰ ይጎዳል፤ ኩላሊቱ የኦክስጅኑን ማነስ አውቆ መቅኒው ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያመርት ያዛል፣ ምርቱ እስኪደርስ ግን ሳምንታት ያልፋሉ።

ሌላው የመነፋት ምክንያት ጭነት ነው። አራት እግሩ ተጠፍሮ በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ በጎኑ ወይም በጀርባው የተጋደመ በግ መግሣት አይችልም፤ የጨጓራው ፈሳሽ መውጫውን ይደፍነዋል። መንገዱ ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ከፈጀ ምን ያህል ጋዝ እንደሚጠራቀም ከላይ ጽፈናል። እግሩን አጥፋችሁ፣ በደረቱ አስተኝታችሁ ጫኑት። ግቢ ሲደርስም ፌስታሉን ከፊቱ አንሡ፤ የተዋጠ ፌስታል አይብላላም፣ ተጠቅልሎ መተላለፊያውን ይዘጋል።

ታዲያ ምን ይብላ? ድርቆሽ። (የሣሩን ማለታችን ነው እንጂ የእንጀራውን አይደለም፤ ስማቸው አንድ ሆኖ ስንቱን አሳስቷል።) 25 ኪሎ ለሚመዝን በግ በቀን ከ700 ግራም እስከ 1 ኪሎ ደረቅ ሣርና ሳይቋረጥ ንጹሕ ውኃ ይበቃዋል። ፉርሽካ መስጠት የሚፈልግ ከ100 ግራም ይጀምር። ጨጓራው እህል እስኪለምድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃልና በሦስት ቀን የሚደልብ በግ የለም።

ጤንነቱን ለማወቅ በበጉ ግራ በኩል፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ጡጫችሁን አሳርፉ። ጨጓራው በሁለት ደቂቃ ከ2 እስከ 4 ጊዜ እጃችሁን መግፋት አለበት። ካልገፋ፣ በጉም ማመስኳት ካቆመ፣ እህሉን አንሥታችሁ ሐኪም ጥሩ። ቦታው ገና ካልተወጠረ 25 ግራም፣ ማለትም 5 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት። ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ ሱቅ ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጠው ቤኪንግ ፓውደር አይደለም። ቦታው እንደ ከበሮ ከተወጠረ ሶዳው ራሱ ጋዝ ስለሚጨምር ተዉት፤ አረፋውን የሚሰብረው 100 ሚሊ ሊትር ያህል የምግብ ዘይት ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ስታጠጡ አንገቱን ወደ ላይ አትቆልምሙ፤ የምግቡና የአየሩ ቧንቧ ጎረቤት ስለሆኑ ፈሳሹ ሳንባ ገብቶ በሌላ በሽታ ይገድለዋል። በቢላ መውጋት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ የጨጓራው ፈሳሽ ሆድ ዕቃው መሐል ከፈሰሰ መመለሻ የለውም።

ለዕርዱ፣ በጉ ከመታረዱ 12 ሰዓታት አስቀድሞ ጀምሮ ምግብ ይከልከል፣ ውኃ ግን አይጣበት። ሲጎተትና ሲደነግጥ የዋለ በግ በጡንቻው ያጠራቀመውን ስኳር ስለሚጨርስ ሥጋው ጠቁሮና ደርቆ ቶሎ ይበላሻል።

ሆድ ዕቃው ሲወጣ በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ፊኛ ካያችሁ የውሻ ትል እጭ ነው። ከውሻ ዓይነ ምድር የመጣው እንቁላል አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል፣ በደም ተጭኖ መጀመሪያ ጉበት ይደርሳል፣ እዚያ ያልተያዘው ወደ ሳንባ ያልፋል። ሰውንም በዚሁ መንገድ ይይዛል። ስለዚህ ለሰፈሩ ውሻ ሳትጥሉ አቃጥሉት ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩት። ሳይታረድ በድንገት ሞቶ የተገኘ፣ በተለይም ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ደም የወጣውን በግ ግን ለምርመራ ብላችሁ እንኳ አትክፈቱ፣ ቆዳውንም አትግፈፉ፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም እስኪመጣ ሰውም ውሻም አይጠጋው።

የእንስሳት ሐኪሞች
ልደታ፣ አዲስ አበባ