መጀመሪያ መድኃኒቱ፣ ደብዳቤው ይደርሳል

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ

ጉዳዩ፦ በከተማዋ ዳርቻ ያሉ ጤና ጣቢያዎች በወሲብ ለሚበዘበዙ ሕፃናት የመጀመሪያውን ሕክምና እዚያው እንዲሰጡ ስለመጠየቅ

ቱሉ ዲምቱ ወይም ቂሊንጦ አካባቢ አንዲት ልጅ አርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጥቃት ደረሰባት እንበል። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በዘገየ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። መድኃኒቱ ያለው ኤአርቲ ክፍል (የኤችአይቪ መድኃኒት የሚታደልበት ክፍል) ውስጥ ከሆነና ክፍሉ ቅዳሜና እሑድ ከተዘጋ፣ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ሲከፈት 59 ሰዓት አልፏል። የቀረውን 13 ሰዓት «የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ» እና «ወደ ጋንዲ ሂጂ» ይበሉታል። የጋንዲ ሆስፒታል የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ ማለትም ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጠው፣ ጠቃሚ ነው፤ ግን መሀል ከተማ ነው። ደላላ ወይም አሠሪ ዓይኑን የጣለባት ልጅ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይራ ስትመለስ ምን እንደሚጠብቃት መገመት አያቅትም።

መድኃኒቱ ድንገተኛ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ቁልፉም በተረኛ ነርስ እጅ ይሁን። ለትንንሾቹ መጠኑ በክብደት ስለሚወሰን ሚዛንና ለሕፃናት የተዘጋጀው እንክብል አብረው ይኑሩ። የኤችአይቪ መመርመሪያ ኪት አልቋል ተብሎ የመጀመሪያው እንክብል አይዘግይ። የ28 ቀኑ መድኃኒትም በአንድ ጊዜ ይሰጣት፤ «ሦስት ቀን ውሰጂና ተመለሺ» ማለት ለእነዚህ ልጆች አቋርጪ ከማለት አይለይም። ትንሽ ነገር ትመስላለች እንጂ፣ ብልቃጡ ሲነቃነቅ ስለሚንኮሻኮሽ አፉ ላይ ጥጥ ይጨመርበት፤ ልጅቷን የሚያጋልጣት ድምፁ ነው።

ለአቅመ ሔዋን ለደረሱ ልጆች የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ ከዋጠች በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ይደገማል። የአባላዘር በሽታ ሕክምናና የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም በዚያው ቀን ይጀመሩ። ልብሷ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል ውስጥ እርጥበቱ ታፍኖ ይሻግታል፣ ማስረጃውም ይበላሻል። ወንዶች ልጆችም ይመጣሉ፤ ቅጹ «ሴት» ብቻ ብሎ አይጀምር።

«ድንግልናዋ ይታይ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ባለሙያው አልቀበልም እንዲል የቢሮው መመሪያ ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ምርመራ እንዲቀር በ2018 እ.ኤ.አ. ጠይቋል። አብዛኞቹ ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች አካላቸው ላይ ምልክት አይገኝም፤ «ምንም የላትም» የሚል ወረቀት ግን ፍርድ ቤት ድረስ ይከተላቸዋል።

ሥነ ልቦናውን በተመለከተ፣ ልጅቷ የሆነውን ለካርድ ክፍል፣ ለነርስ፣ ለሐኪም እየደጋገመች አትናገር፤ አንዱ ይጠይቃት፣ በሩም ይዘጋ። እንቅልፍ አጣሁ ስትል ዲያዜፓም የተባለው ማስታገሻ መፍትሔ አይደለም። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ እንዳላት በየቀጠሮው በቀጥታ ትጠየቅ፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣባትም። ለአሰቃቂ ገጠመኝ የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ቀጠሮ ስለሚፈልግ በየሳምንቱ መሀል ከተማ ማመላለስ አይሆንም፤ የሠለጠነ ባለሙያ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ይምጣ። ቀጠሮ ስትቀር ካርዷ አይዘጋ። ብዙዎቹ መምጣት ያልፈለጉ ሳይሆኑ መውጫ ያጡ ናቸው፤ ከወር በኋላ ስትመጣ «የት ጠፍተሽ ነው?» በሚል ቁጣ አትቀበሏት።

በከተማዋ ዳርቻ በሕፃናት ጤናና ሥነ ልቦና የምንሠራ ባለሙያዎች