የነርቭ ሴል ጾም አይጠብቅም

ይድረስ ለዋና አዘጋጁ፦

በቅርቡ በጤና ገጻችሁ «ጾም አንጎልን ያጸዳል» የሚል ጽሑፍ አውጥታችኋል። አባቴ ጡረተኛ ነው፤ ጋዜጣችሁን ከርዕሰ አንቀጽ እስከ ጨረታ ማስታወቂያ ያነባል። ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ሕመምም አለበት። ጽሑፉን ካየ ወዲህ የጠዋት ኪኒኑን «ከጾም መፍቻ በኋላ» እያለ ማቆየት ጀመረ። ረፋዱ ላይ ከወንበሩ መነሳት ያቅተዋል።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

መነሻችሁ እውነት ነው። ሴል ያረጀ አካሉን ሰባብሮ መልሶ ይጠቀምበታል። ሂደቱ ኦቶፋጂ ይባላል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይህንኑ በእርሾ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቤል ተሸልመውበታል። ጉበት ሲራብ ይህን ሥራ እንደሚያፋጥንም የታወቀ ነው።

የነርቭ ሴል ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሌላው ሴል ለሁለት ሲከፈል ቆሻሻውም አብሮ ይከፈላል። የነርቭ ሴል አይከፈልም፤ የተጠራቀመው እዚያው ይቀራል። ርዝመቱስ! ከወገብ ተነስቶ እግር የሚደርሰው ክር አንድ ሜትር ያህላል። ቆሻሻው በብዛት የሚጠቀለለው የክሩ ጫፍ ላይ ነው። አብላልቶ የሚፈጨው ሊሶዞም ደግሞ የሚበዛው በሴሉ ዋና አካል አካባቢ ነው። ስለዚህ ጥቅሉን ዳይኒን የሚባል ፕሮቲን ያን ሁሉ መንገድ ይጎትተዋል። ይህ ሥራ በላን ጾምን ሳይል ቀን ከሌት ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጃፓን ተመራማሪዎች ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉ ጂኖችን ከአይጦች የነርቭ ሴል ውስጥ አጠፉ። አይጦቹ ቀለባቸው ሳይጓደል ነርቮቻቸው ተጎዱ፤ እንቅስቃሴያቸውም ተበላሸ።

ረሃብ ሲጨመርስ? እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የአይጥ ጥናት ብዙ የሰውነት ክፍሎች ላይ የኦቶፋጂ ጭማሪ አይቶ አንጎል ላይ አላየም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ደግሞ «አንጎልም ላይ ይጨምራል» አለ። እናንተ ክርክሩን ዘላችሁ «16 ሰዓት መጾም አንጎልን ያጸዳል» ብላችሁ ቁርጡን ነገራችሁን። የማን 16 ሰዓት? አይጥ ቀን ሙሉ ስትራብና እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንጾም አንድ ነው እንዴ?

ጾሙን አልነቀፍኩም፤ እኔም እጾማለሁ። አባቴንም ያሳመኑት የነፍስ አባቱ እንጂ የእኔ ሳይንስ አይደለም። «ታመሃል፣ መድኃኒትህን በሰዓቱ ዋጥ» ብለው ገሠጹት።

እሱን የመሰለ አንባቢ ግን ብዙ ነው። የፓርኪንሰን መድኃኒት ሰዓቱ ሐኪም ሳይጠየቅ እንደማይለወጥ፣ በድንገት ማቋረጡም አደገኛ እንደሆነ በሚቀጥለው እትም ጻፉልን። በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይሁን።

የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ፣ ከደሴ