ጣሳን በኪሎ ስለ መተመን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

የጎጃምን የእህል ገበያ ዋጋ ስታወጡ የደብረ ማርቆሱን ጤፍ በኪሎ፣ የሞጣውን ገብስ በጣሳ ጽፋችሁ አነባለሁ። አንባቢው ሁለቱን ለማነጻጸር «ጣሳ ያው ኪሎ ነው» ብሎ ስለሚያሰላ፣ ለብዙ ዘመን ፊዚክስ ያስተማርሁ ሰው እንደ መሆኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ጣሳ የሚነግረን ይዘትን፣ ኪሎ የሚነግረን ክብደትን ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ቁጥርም እንደ እህሉ ዓይነትና እንደ አሰፋፈሩ ይለያያል።

አንድ ሊትር በሚይዝ ጣሳ ቤቴ ውስጥ ሞክሬዋለሁ። ጤፍ በቀስታ ሞልቼ አፉን በማስመሪያ ሳስተካክለው 800 ግራም ገደማ መዘነ። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ደጋግሜ መታ መታ ሳደርገው ጤፉ አንድ ጣት ለመሙላት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ወረደ፤ የጎደለውን ሞልቼ ስመዝነው 860 ግራም ደረሰ። ገብሱ ግን በዚያው ጣሳ ከ650 ግራም አላለፈም። እንግዲህ የገብሱ ጣሳ 65 ብር ቢሸጥ የኪሎው ዋጋ 100 ብር ነው ማለት ነው፤ ጣሳን ኪሎ ብሎ የቆጠረ ሸማች ርካሽ ያገኘ ይመስለዋል።

ስሕተቱ በእህል ብቻ አያበቃም። አንዲት ጎረቤቴ የ5 ሊትር ዘይቷን አስመዝና፣ የጀሪካኑ ክብደት ሲቀነስ 4.6 ኪሎ ቢሆንባት ተጭበረበርሁ ብላ በጣም አዝና ነበር። ዘይቱ ሙሉ ነበር፤ ዘይት ከውሃ ይቀላልና። ማር በአንጻሩ በሊትር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ሊትርና ኪሎ እኩል የሚሆኑት በውሃ ነው፤ ይህም ታስቦበት የተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1795 በፈረንሳይ የወጣው ሕግ ሊትርን ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ይዘት ሲያደርገው፣ ግራምን ደግሞ በረዶ በሚቀልጥበት ሙቀት ላይ ያለ የአንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃ ክብደት አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1901 ሊትር የአንድ ኪሎ ውሃ ይዘት ነው ተብሎ እንደ ገና ሲበየን፣ ከቀድሞው ኩብ ከሚሊዮን 28 እጅ ያህል የበለጠ ሆኖ ተገኘ፤ በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ኩቡ ተመለሱ። ይዘትንና ክብደትን በውሃ እንኳ ፍጹም ማስማማት ይህን ያህል ካስቸገረ፣ በመካከሉ አየር ባለበት እህል እንዴት አንድ ቁጥር ይበቃናል?

ወላጆቻችን አውድማ ላይ ከስንደዶ በተሰፋ ቁና ሲሰፍሩ «በማን ቁና? ተቆልሎ ነው ወይስ አፉ ተስተካክሎ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ወንጌልም መልካሙን መስፈሪያ «የተጨቆነና የተነቀነቀ» ይለዋል፤ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያየሁትን ሰፋሪዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር።

ስለዚህ ዋጋ በጣሳ ስታወጡ የእህሉን ዓይነት፣ ጣሳው ስንት ሊትር እንደሚይዝና እንዴት እንደተሰፈረ አብራችሁ እንድትገልጹ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከዚህም የሚሻለው ዘጋቢያችሁ በገበያው ውስጥ አንዱን ጣሳ እህል አስመዝኖ ኪሎውን ከዋጋው ጎን ቢጽፍልን ነው።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ