አባባ፣ ስለ ወገቤና ስለ አንገትዎ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እማዬ "ማሽን ውስጥ አስገቧት" ብላ ከነገረችዎ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል አሉ። በስልክ እንዳላስረዳዎ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እርስዎ ደግሞ የክፉ ወሬ ቁራጭ ከሰሙ ቀሪውን ራስዎ ነው የሚሞሉት። ስለዚህ ጻፍኩልዎ። ታናሼ ያንብብልዎ። እሱንም የሚመለከት ነገር አለበትና ገጽ እንዳይዘል።

መጀመሪያ የሚያስጨንቅዎትን ላንሳ። ካንሰር አይደለም። ዲስክ ተንሸራተተ የሚሉትም አይደለም። የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት ነው። በሽታን እንዲከላከል የተሰጠን ኃይል ጠላት ያገኘ መስሎት የገዛ መገጣጠሚያችንን ያጠቃል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የአከርካሪው ጫፍ ከዳሌ አጥንት ጋር በግራና በቀኝ ከሚገናኝበት ቦታ ነው። ከዚያ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ ጀርመን ቤክቴሬቭ ይሉታል፣ በአንድ ሩሲያዊ ሐኪም ስም።

ሕመሙ ጠባዩ ግልብጥ ነው። የሌላ ሰው ወገብ ሲያርፍ ይሻለዋል፤ የእኔ ሲያርፍ ይብስበታል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰኛል። አንዴ የቀኝ መቀመጫዬን፣ አንዴ የግራውን ነው። ተነስቼ ኩሽና ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ይለቀኛል። ጠዋት ደግሞ ካልሲ ለማጥለቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን በእጄ አንስቼ ነው ወደራሴ የማመጣው። ወደ ረፋዱ ላይ ምንም እንዳልነበረ ሥራዬን እሠራለሁ። ታዲያ ማን ያምናል? "ከወሊድ በኋላ ያለ ነው" ተባልኩ። "ወንበርሽን ቀይሪ" ተባልኩ። ራጅ ተነሳሁና "ንጹህ ነው" ተባልኩ። በዚህ በሽታ ሕመሙ ከጀመረ ስሙ እስኪታወቅ በአማካይ ወደ 7 ዓመት ይፈጃል ይላሉ። ሴት ከሆኑ ደግሞ የበለጠ ይዘገያል።

ራጁ ንጹህ የሆነበትን ምክንያት ለእርስዎ፣ ለሹፌሩ፣ ማስረዳት ቀላል ነው። ራጅ የሚያየው ሻንሲውን ነው። ሻንሲው ከጎበጠ ያሳያል፣ ካልጎበጠ "ደህና ነው" ይላል። ሞተሩ ሲግል ግን አያውቅም። እኔ የገባሁበት ማሽን፣ ኤምአርአይ የሚሉት፣ ግለቱን ነው የሚያየው። አጥንቱ ተበልቶ ወይም ተጣብቆ ራጅ ላይ እስኪወጣ ዓመታት ያልፋሉ። እብጠቱ ግን ከዚያ በፊት መቅኔው ውስጥ አለ።

ማሽኑ ጨረር የለውም፣ ይህንን ለእማዬም ይንገሩልኝ። ትልቅ ማግኔት ነው። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ውሃና ስብ ለማግኔትና ለሬዲዮ ሞገድ መልስ ይሰጣል፤ ያንን መልስ ነው ወደ ምስል የሚቀይሩት። ብረት የሚባል ነገር ይዘው አይገቡም። መስቀሌን አስወለቁኝ። ማተቡን ስይዝባት ልጅቷ ሳቅ ብላ "ክሩ ችግር የለውም" አለችኝና መስቀሉን ብቻ ፈትታ ትንሽ ሰሃን ላይ አስቀመጠችልኝ። ጆሮዬን ደፈኑልኝ፣ ከጨነቀኝ የምጨምቀው ኳስ እጄ ላይ ሰጡኝ። ድምፁ ጉድ ነው! ያንኳኳል፣ ይጮሃል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ያንኳኳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከድምፁ ይልቅ ያስቸገረኝ ዝም ብሎ መተኛቱ ነው፤ ወገቤ የሚጠላው እሱን አይደል?

ሐኪሟ ምስሉን ኮምፒውተር ላይ አሳየችኝ። አንዱን ቦታ ሁለት ዓይነት አድርገው ያነሱታል። በአንደኛው አጥንቱ ቅርጹና ስቡ ይታያል። በሁለተኛው፣ ስቲር በሚሉት፣ የስቡን ብርሃን ያጠፉና የውሃውን ብቻ ያስቀራሉ። ጤነኛ መቅኔ እዚያ ላይ ጥቁር ነው። የእኔ ግን ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ፣ ጠርዙን ተከትሎ፣ ዳመና የመሰለ ነጭ ነገር ተኝቶበታል። በእርሳሷ ጫፍ ዞር ዞር አድርጋ አሳየችኝ። ውሃ ነው፣ ብግነቱ ያመጣው። ያን ሁሉ ጊዜ "ምንም የለብሽም" የተባልኩበት ነገር ቁጭ ብሎ ሲያየኝ አባባ፣ አለቀስኩ። የደስታ ይሁን የምን እንጃ።

ይቺ ሐኪም ግን ነጭ ስላየች ብቻ አልፈረደችም፤ የወደድኩላት ይህንን ነው። መጀመሪያ "መቼ ነው የወለድሽው?" አለችኝ። በቅርብ የወለደች ሴት ዳሌዋ ላይ ተመሳሳይ ነጭ ሊታይ ይችላል። ሯጮችና ወታደሮችም ላይ ይታያል፣ ጤነኛ ሆነው። የእኔ ልጅ 4 ዓመት ሞልቶታል፣ በዚህ አይመካኝም። ቀጥላ "ቤታችሁ ሳንባ ነቀርሳ የታመመ ነበር? ያልፈላ ወተት ትጠጡ ነበር?" አለች። ነቀርሳም፣ ከከብት ወተት የሚመጣው ብሩሴላ የሚባለውም አከርካሪና ዳሌ ውስጥ ይገባሉ። እነሱ ብዙ ጊዜ አንዱን ጎን ብቻ ይይዛሉ፣ መግልም ይቋጥራሉ። የእኔ በሁለቱም በኩል ነው፣ መግልም የለው። ደሜም ተመርምሮ ኤችኤልኤ ቢ27 የሚባል ምልክት ተገኘበት። በዘር የሚወረስ ነው፤ ከእርስዎ ወይም ከእማዬ ነው ያገኘሁት። ያለበት ሰው ሁሉ ግን አይታመምም፤ አብዛኛው ሳያውቀው ይኖራል።

እንግዲህ የሕመሙ ታሪክ፣ ምስሉና ደሙ ተደማምረው ነው ስሙ የተሰጠው። አሳስ የተባለው የሐኪሞች ስብስብ በፈረንጆቹ 2009 ባወጣው መስፈርት፣ ራጅ ላይ ገና ምንም ሳይታይ በኤምአርአይ የታየ ብግነትም ይቆጠራል። ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ እንደኔ ያለው ሰው አጥንቱ እስኪበላ ነበር የሚጠብቀው። ሕክምናው ለጊዜው የብግነት ማስታገሻ ኪኒንና በየቀኑ እንቅስቃሴ ነው። መዋኘት ጀምሬያለሁ፣ በእኔ ዕድሜ! ካልበቃኝ የሚወጋ መድኃኒት አለ። እሱ ግን የተኛ ነቀርሳ ካለ ሊቀሰቅስ ስለሚችል አስቀድመው ይመረምሩኛል።

አሁን ወደ ታናሼ ልምጣ። አንተ፣ እያነበብክ ነው አይደል? ባለፈው የላክህልኝን የወገብ ኤምአርአይ ውጤት አየሁት። "ኤል 4 እና ኤል 5 ላይ ዲስኩ ወጣ ብሏል" ይላል፤ የወገብ የታችኞቹ አንጓዎች ማለት ነው። ውሸት አይደለም። ግን ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎችም ቢነሱ እንደዚያ ይወጣባቸዋል። ያነሱህ ወገብህን ነው። የተለመደው የወገብ ኤምአርአይ የዳሌውን መገጣጠሚያ በደንብ አያሳይም፤ ለሱ ለብቻው፣ በራሱ ማዕዘን መነሳት አለብህ። ጠዋት ጠዋት ወገብህ አልታዘዝ እያለ፣ ኳስ ስትጫወት እየተሻለህ፣ 28 ዓመትህ ሳለ በዲስክ አላምንም። አምና ዓይንህ ቀልቶ ብርሃን አላሳይ ያለህንስ? ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ታሸህ። ይህ በሽታ ዓይንም ያቀላል። ከተመለሰብህ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ሂድ፣ እይታ ይጎዳል።

አዲስ አበባ ስትሄድ የመገጣጠሚያ ሐኪም ፈልግ። ትዕዛዙ ላይ "ሳክሮኢሊያክ ጆይንት፣ ከስቲር ጋር" ተብሎ ይጻፍልህ፤ ያው የዳሌው መገጣጠሚያ ማለት ነው። ለምን እንደተጠረጠረም ይጻፍ። የሚያነበው ሐኪም ምን እንደሚፈልግ ካላወቀ ዲስክ ዲስኩን አይቶ ያልፋል። የሚወጋ ማቅለሚያ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ እኔም አልተወጋሁም። ሲዲውን ሳትቀበል እንዳትወጣ። ምስሉ ምንም ባያሳይ እንኳ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ ሕመሙ ከቀጠለ ሐኪሙ ዘንድ ተመለስ። ብሩን እኔ እልካለሁ፣ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

አባባ፣ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት የእርስዎን ነው፤ ይህን ደብዳቤ ከሁሉ በላይ ያስጻፈኝም እሱ ነው። እርስዎ ሁልጊዜ "ወገቤን የጨረሰው ኤንትሬው የጭነት መኪና ነው፣ የአሰብ መንገድ ነው" ይላሉ። እኔም አምኜ አድጌ ነበር። ግን እስኪ ያስቡት። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አሰብ የተመላለሱት ጓደኞችዎ ስንቱ እንደርስዎ ሆነ? ወደ ኋላ ሲነዱ አንገትዎ አልዞር እያለ ትከሻዎ ጭምር ሲዞር፣ ረዳቱ ወርዶ "ና! ና!" ሲልልዎ አስታውሳለሁ። ያኔ አርባ እንኳን አልሞላዎትም ነበር። ይህንን ለሐኪሜ ስነግራት እርሳሷን አስቀምጣ "አባትሽ አሁን ቀና ብለው ጣሪያ ማየት ይችላሉ?" አለችኝ። አይችሉም አልኳት። ሳያዩ በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ነገረችኝ፤ ግን እኔ የእርስዎም ያው ይመስለኛል።

"ጭኔ ውስጥ ያለው ብረትስ፣ ማግኔቱ ቢጎትተው?" ብለው ጠይቀዋል አሉ። ሳቄ መጣ፤ ግን ጥያቄዎ ትክክል ነው። ለአጥንት የሚገባው ብረት አብዛኛውን ጊዜ አይጎተትም፤ ቢሆንም ሁልጊዜ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። እርስዎ ግን ኤምአርአይ የሚያስፈልግዎ አይመስለኝም። ለቆየው በሽታ ራጅ ይበቃል። አንጓዎቹ ተጣብቀው ከሆነ እዚያው ደሴ በሚነሱት ራጅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአንገትና የዳሌ ራጅ ይነሱልኝና ታናሼ ፎቶውን ይላክልኝ።

እስከዚያ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። የተጣበቀ አከርካሪ ከውጭ ጠንካራ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ይሳሳል፣ በትንሽ ነገር ይሰበራል። ስለዚህ ወጌሻው አንገትዎን እንዳያዞር። "ቀጨም አድርጌ ላፍታታልዎ" ቢልም እሺ አይበሉት፤ የሰፈራችን ሰው ነው፣ ቢቀየምም ይቀየም። ቢወድቁ፣ ቀላል መውደቅ ቢሆን እንኳ፣ አንገትዎን ወይም ወገብዎን አዲስ ሕመም ከተሰማዎ "ያልፋል" ብለው እንዳይተኙ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ፣ አከርካሪዎ የተጣበቀ ሊሆን እንደሚችልም ይንገሯቸው። ያን ጊዜ ራጅ ብቻውን ስብራቱን ሊስተው ስለሚችል ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያንሱኝ ይበሉ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ያ የሚያንሸራትት ምንጣፍ አሁንም ካለ ታናሼ ዛሬውኑ ያንሳው።

እማዬን ሳሙልኝ። እሁድ እደውላለሁ፤ እስከዚያ ራጁ የሚነሱበትን ቀን ቆርጣችሁ ጠብቁኝ።

ልጅዎ
ከፍራንክፈርት