ሮም፣ በእጥበትና በእጥበት መሃል

ይድረስ ለወዳጅ ዘመዶቻችን በሙሉ።

በሰላም ሄደን በሰላም ተመልሰናል። ባለቤቴ ደህና ነው። ደህና ስል በኛ ቤት መለኪያ ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የኩላሊት እጥበት ማሽኑ ላይ ይቀመጣል፣ በተረፈው ቀን ይስቃል፣ ይነጫነጫል፣ እግር ኳስ ያያል። ደውላችሁ ስልክ ያላነሳሁላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ውለታችሁን አንድ በአንድ በስልክ ተናግሬ አልዘልቀውም፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ለማታውቁን፦ ባለቤቴ አዲስ አበባ ሳለን የስፖርት አስተማሪ ነበር። አሁን ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ስኳሩ ብዙ ዘመን አብሮት ኖሮ መጨረሻ ላይ ኩላሊቱን ይዞበት ሄደ። እጥበት ከጀመረ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። እግሩም ስለደከመ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ዘንድሮ ደግሞ ልቡ ተጨመረበት። ሐኪሙ በሩን ዘግቶ፣ ወንበሩን ወደኛ ሳብ አድርጎ፣ “ልታደርጉት የምትፈልጉት ነገር ካለ አታቆዩት” አለን። እኔ ቃል ሳይወጣኝ እሱ “ሮም” አለ። እኔ እኮ ቁልቢ ወይም ላሊበላ የሚል መስሎኝ ነበር።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ባለቤቴ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ከዚያ ወዲህ በየእንቁጣጣሹ ይህን ታሪክ ሳያወሩ ዶሮው አይቆረስም ነበር ይላል። እሱም አስተማሪ ሲሆን መንገዱን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳለ አስተማረው። አይቶት የማያውቀውን መንገድ።

መጀመሪያ የጠየቅነው አስጎብኚ ድርጅት “ኃላፊነቱን አንወስድም” ብሎ በሁለት መስመር አሰናበተን። ከዘመድም “የታመመ ሰው ይዘሽ የት ትሄጃለሽ?” ያሉኝ ነበሩ። አልቀየምኩም፣ እኔም ሌሊት ሌሊት ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነበር። በኋላ ለሰው በልኩ ጉዞ የሚያዘጋጁ ሰዎች አገኘን። የግል መኪና፣ የግል አስጎብኚ፣ ጥሩ ሆቴል። ዋጋውን ሳየው ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ቅንጦት ነው አልኩ። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ደግሞ ከአገሩ ውጭ የሚደረግ እጥበት ባብዛኛው አይከፍልም፣ እሱም ከኪሳችን ነው።

እዚህ ላይ ነው የእቁብ ጓደኞቼ የገባችሁት። እጣው የወጣላት እህታችን ወረቀቷን አጣጥፋ እጄ ውስጥ ከተተችው። ቀጣይዋም እንደዚያው አደረገች። አንዳችሁም “መቼ ትመልሺያለሽ?” አላላችሁኝም። ልጆቻችን የቀረውን ሞሉት። እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል፣ እኔ አልችለውም።

የጉዞው ፕሮግራም የተሠራው ከሙዚየም ተነስቶ አይደለም፣ ከማሽኑ ተነስቶ ነው። ቅዳሜ እዚህ ታጥቦ ማታ በረርን። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሮም ታጠበ። እሑድ ተመለስን። ለሦስቱ ቀን ወንበር ለማስያዝ ከወራት በፊት የሄፓታይተስ ምርመራው፣ የመድኃኒቱ ዝርዝር፣ ከእጥበት በኋላ ሊኖረው የሚገባው ክብደት፣ ሁሉም ተልኳል። ይህን ያስተካከለችልን የዚህኛው ማዕከል ሶሻል ወርከር ስንት ጊዜ እንደደወለች እኔ ነኝ የማውቀው። ኑሪልን።

አየር ማረፊያ ስንደርስ ዊልቸሩ የእግር ማሳረፊያው ጠፍቶ መጣ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ሾፌራችን ምንም ሳይል ፎቶ አነሳው። ማታ የሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ ከብረት ያበጀውን ማሳረፊያ ይዞ ሆቴል መጣ። ከድሮው ይሻላል። አሁንም እሱ ላይ ነው እግሩን የሚያሳርፈው።

አስጎብኚያችንን ምን ብዬ ላመስግናት? ምግብ ቤት ስንገባ ቀድማን ወጥ ቤት ትገባለች። ቲማቲም ፖታሲየም አለው፣ ለሱ ልብ አደገኛ ነው። ጣሊያን አገር ያለ ቲማቲም መብላት ምን እንደሚመስል አስቡት! እሷ ግን ነጭ ፓስታ በወይራ ዘይት፣ ጨው ሳይነካው፣ ታስመጣለታለች። የሚፈቀድለት ፈሳሽ በቀን አንድ ሊትር ነው። ጄላቶም ሲቀልጥ ውሃ ስለሆነ ይቆጠራል። አንድ ቀን ሁለተኛ ጄላቶ ሲጠይቅ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ አሳየችው። እኔ ስከለክለው ይቆጣል፣ ለሷ ግን እንደ ተማሪ እሺ አለ። አይ ወንድ!

ክንዱ ላይ ለእጥበቱ የተሠራለት ደም ስር አለ። ጣት ሲያርፍበት ንብ እንደገባበት ቀፎ ይነዝራል። ጠዋት ጠዋት እሱን ሳልዳስስ ቡና አላፈላም። ዝም ካለ ጉድ ፈላ ማለት ነው። ሮም የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ነርሷ መርፌውን ከመሰካቷ በፊት ዓይኗን ጨፍና እዚያው ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ልክ እንደኔ። ያኔ ትከሻዬ ወረደ። ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ ከየት እንደመጣን በምልክት ጠየቁ። “ኢትዮጵያ” አልናቸው። “አበበ ቢኪላ!” አሉና ከብርድ ልብሱ ስር ባዶ እግራቸውን አውጥተው አሳዩን።

ረቡዕ መንገዱን ሄድንበት። ሩጫው ከተነሳበት ከካምፒዶልዮ ደረጃ ስር ጀምረን በመኪና ዞረን አፒያ አንቲካ ገባን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 የተጀመረ መንገድ ነው፣ ትልልቅ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት። ዊልቸር ይንገጫገጫል። አበበ በዚህ ላይ የሮጠው ከመሸ በኋላ ነው፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው እያበሩለት። ባለቤቴ ፀጥ ብሎ ቆየና “ጫማዬን አውልቂልኝ” አለ።

የስኳር ሕመምተኛ ቤቱ ውስጥም በባዶ እግሩ እንዳይሄድ ይመከራል። እኔ ማታ ማታ በባትሪ ጣቶቹን አንድ በአንድ የማይ ሴት ነኝ። አይሆንም አልኩ። “ሯጩ ሲራጅ ገና ለአበበ ድል ሃምሳኛ ዓመት እዚህ ከተማ ማራቶን ሲያሸንፍ መጨረሻውን 300 ሜትር ጫማ አውልቆ ሮጧል” አለኝ። “እኔ አንዲት እርምጃ ነው የለመንኩሽ።” አስጎብኚዋ ድንጋዩን በእጇ ዳሰሰች፣ ጠጠሩን ጠረገች። ሾፌሩ በብብቱ ይዞ አቆመው። ካልሲውን አወለቅኩ። እግሩ ድንጋዩ ላይ አረፈ።

“ይሰማሃል?” አልኩት።

“አይሰማኝም” አለ። “ግን እያየሁት ነው።”

ከዚያ አስጎብኚዋ ተንበርክካ እግሩን በውሃ አጠበችው። ለማንም የማልሰጠውን ሥራ ነበር የሠራችው። በጣቶቹ መሃል ሳይቀር አደረቀችው። ጭረት የለበትም፣ እስከ ዛሬም የለበትም። ዶክተር፣ ይህን እያነበብክ ከሆነ አትቆጣን።

ከዚያ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ፖርታ ካፔና ደረስን። በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ በ2005 የተመለሰልን ሐውልት። “እዚህ ጋ ነው አበበ ሞሮኳዊውን ተፎካካሪውን ጥሎት የሄደው” እያለ ባለቤቴ ለኛም ለሾፌሩም አስተማረ፣ እጁ ሰሌዳ ላይ ያለ ይመስል እየተወናጨፈ። በ25 ሰከንድ ነው የቀደመው። የቆስጠንጢኖስ ቅስት ስር ስንደርስ ስለ ሌላው አበበ አወራን። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሽባ ሆኖ በዊልቸር ስለቀረው፣ በዚያው እያለ እንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ስለተወዳደረው። “ይሄኛውን ለተማሪ ብዙም አላስተማርኩም” አለ። አልመለስኩለትም።

ኮሎሲየሙን፣ ቫቲካኑን አየን። የሁሉም ሰው ስልክ ውስጥ ፎቶው ስላለ እዘለዋለሁ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ምግብ ቤት ያለሽው እናቴ ግን አትዘለይም። ጨው የሌለው አልጫ ለብቻው በትንሽ ድስት ሠርተሽ፣ ሒሳብ ስንጠይቅ በእጅሽ አፌን የያዝሽው። እድሜ ይስጥሽ።

እስካሁን ሌላ ችግር አልገጠመንም። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ማዕከሉ ውስጥ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። ቀኝ እጁ ማሽኑ ላይ ስለሆነ በግራው ከጎኑ ላለው ሕመምተኛ የሮምን መንገድ እየሳለለት ነው። ወረቀቱ የክብደት መመዝገቢያው ጀርባ ነው። ነርሷ እየፈለገችው ነው፣ እኔም አላየሁም ብያታለሁ።

የልጆቹ እናት
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ