«ሲስተም የለም» ስንት ችግር ይደብቃል? ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመንግሥት የኦንላይን አገልግሎቶች በተጠቃሚ አስተያየትና በአጠቃቀም መረጃ እየተመሩ እንዲሻሻሉ ስለመጠየቅ

«ሲስተም የለም» በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የተለመደ መልስ ሆኗል። ሰርቨሩ ወድቆ ሊሆን ይችላል። የቅርንጫፉ ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ መብራት ጠፍቶ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ በኤስኤምኤስ ሳይደርስ ቀርቶ፣ ወይም ሲስተሙ በደህና እየሠራ የባለጉዳዩን ስም አልቀበልም ብሎም ሊሆን ይችላል። አምስቱም የየራሳቸው መፍትሔ አላቸው። ባለጉዳዩ ግን የሚሰማው አንዱኑ ቃል ነው፤ ሶፍትዌሩን የሚያሻሽለው ቡድን ደግሞ እሱንም አይሰማም። የምንጽፍልዎ ይህ ወሬ ወደ ቡድኑ የሚደርስበትን መንገድ እንዲያበጁ ለመጠየቅ ነው።

«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ በኦንላይን የሚሰጡ አገልግሎቶች በርክተዋል። በሪፖርት የሚቀርበውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ብዛት ነው፦ ስንት አገልግሎት ኦንላይን ገባ፣ ስንት ሰው ተመዘገበ፣ መተግበሪያው ስንት ጊዜ ወረደ። እነዚህ ቁጥሮች አንድ ጠባይ አላቸው፤ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄዱም። አገልግሎቱ ለአንድ ወር ሙሉ ቢበላሽ እንኳ የተመዘገበው ሰው ቁጥር አይቀንስም። ስለዚህ ለማሻሻል አይረዱም።

የሚረዳው ቁጥር ስንት ሰው ጀምሮ ስንት ሰው ጨረሰ የሚለው ነው። ባለ ስድስት ገጽ የንግድ ፈቃድ ማደሻ ቅጽ እንውሰድ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ይመዝገብ፦ ተከፈተ፣ ስሕተት አሳየ (የትኛው ሳጥን፣ የትኛው የስሕተት ኮድ)፣ ታለፈ። ከእያንዳንዱ ጋር ሰዓቱ፣ የሶፍትዌሩ ቨርዥን (ስንተኛው እትም እንደሆነ)፣ የስልኩ ዓይነትና ተጠቃሚው የመረጠው ቋንቋ ይያዝ። ለምሳሌ ያህል 1,000 ሰው ጀምሮ 900ው አራተኛው ገጽ ከደረሰና ሰነድ ማያያዣውን ያለፈው 400 ብቻ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ቀለም ለማሳመር ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም። አራተኛውን ገጽ ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሲስተሙ ከ2 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም፣ በስልክ የተነሣ ፎቶ ግን 3 ወይም 4 ሜጋባይት ይሆናል፣ የሚወጣው መልእክትም «ስሕተት ተፈጥሯል» ከማለት አያልፍም። ፎቶውን ስልኩ ላይ እንዳለ አሳንሶ የሚልክ ኮድ መጨመር የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። የት እንደሚጨመር የሚያሳየው ግን መዝገቡ ነው።

ከውጭ የተገዛ ወይም ከውጭ ናሙና የተቀዳ ሶፍትዌር እኛ አገር ሲሠራ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፤ ሲለካ ቶሎ ይታያሉ። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ካለ ግማሹ የአባቱን፣ ግማሹ የአያቱን ስም ይጽፍበታል፤ ከፋይዳ መረጃ ጋር ሲመሳከርም አይገጥምም። «ኃይሉ» ብሎ የተመዘገበን ሰው «ሀይሉ» ወይም «ሃይሉ» ብሎ የፈለገ ሠራተኛ «አልተገኘም» የሚል መልስ ያገኛል። መድኃኒቱ ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው አስቀምጦ፣ ለፍለጋ ብቻ ሀን፣ ሃን፣ ሐን፣ ኀንና ኃን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን አንድ የሚያደርግ ሁለተኛ ቅጂ መያዝ ነው። ውጤት ያላገኙ ፍለጋዎች ከተመዘገቡ የትኞቹ አጻጻፎች እንደሚያሰናክሉ በሳምንት ውስጥ ይታወቃል። የልደት ቀን መምረጫው 12 ወር ብቻ ካለው የጳጉሜን ልጆች መሄጃ የላቸውም። ቀጠሮ «3፡00» ተብሎ ከተላከ ደግሞ አንዱ በጠዋት፣ ሌላው ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል፤ መዝገቡ ሁለተኛውን «ቀጠሮውን ያላከበረ» ብሎ ይቆጥረዋል።

የኤስኤምኤስን ነገር ለብቻው እናንሣው፤ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንድ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል እንኳ ከገባበት ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ሲበልጥ እያንዳንዳቸው 67 ምልክት በሚይዙ ክፍሎች ይቆራረጣል። ስለዚህ 150 ምልክት ያለው የአማርኛ ማሳሰቢያ ሦስት መልእክት ነው። አንዱ ክፍል ከዘገየ፣ የማረጋገጫ ቁጥሩም ከሰላምታውና ከመሥሪያ ቤቱ ሙሉ ስም በኋላ መጨረሻ ላይ ከተቀመጠ፣ ሰውየው ቁጥሩን ሳያገኝ ሰዓቱ ያልፍበታል። ቁጥሩ መጀመሪያ ይጻፍ፤ መልእክቱ ከ70 አይለፍ። ከተላከበት ደቂቃ እስከ ገባበት ደቂቃ ያለው ጊዜም ይለካ።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። በኦንላይን አገልግሎት ግን ባለቤቱ አይጮኽም፤ ገጹን ዘግቶ ሰፈሩ ወዳለው ኢንተርኔት ካፌ ይሄዳል፣ ከፍሎ ያስሞላል። ይህ የአጠቃቀም መረጃውን በሁለት አቅጣጫ ያዛባል። ከአንድ ኮምፒውተር በቀን ሃምሳ ማመልከቻ ሲላክ የደኅንነት ክፍሉ ጥቃት መስሎት ይዘጋዋል፤ ካፌው መሆኑን የሚያጣራ የለም። በሌላ በኩል ብዙ የሞባይል ደንበኞች አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ስለሚጋሩ፣ በአድራሻ የሚቆጥር ሲስተም መቶውን ሰው አንድ ያደርገዋል። በማመልከቻ ይቆጠር እንጂ በመሣሪያ ወይም በአድራሻ አይቆጠር። በቅጹ መጨረሻም አንዲት ጥያቄ ትግባ፦ «ቅጹን የሞሉት ራስዎ ነዎት ወይስ ሌላ ሰው ረዳዎ?» በእኛ እምነት እርካታን በአምስት ኮከብ ከመጠየቅ ይልቅ ይህች ጥያቄ ትበልጣለች። የካፌው ልጅ ደግሞ የትኛው ሳጥን እንደሚያስቸግር፣ በየትኛው ሰዓት ሲስተሙ እንደሚቀል ያውቃል። አንድ ባለሙያ ግማሽ ቀን አጠገቡ ቢቀመጥ የሦስት ወር ሥራ ይዞ ይመለሳል።

ወደ አስተያየት እንለፍ። ቅጹን ጨርሶ ኮከብ የሚሰጠው የተሳካለት ሰው ነው፤ አራተኛው ገጽ ላይ የቀረው አይጠየቅም። ስለዚህ ጥያቄው ሰው በሚያቆምበትም ቦታ ይቅረብ፦ «ምን አስቸገረዎ?» የሚል አንድ ሳጥን፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋርኛ፣ ተጠቃሚው ቅጹን በሞላበት ቋንቋ። መልሱ ከስሕተት ኮዱና ከቨርዥኑ ጋር ይያያዝ፤ አለዚያ «አይሠራም» የሚለው አስተያየት ባለፈው ወር ስለተስተካከለው ነገር ይሁን ስለ ዛሬው አይለይም። በየሳምንቱ ከ100 እስከ 200 አስተያየት ሁለት ሰዎች ለየብቻ አንብበው በምክንያት ይመድቡ፤ ምደባቸው ብዙ ከተለያየ የምክንያቶቹ ዝርዝር ግልጽ አይደለም ማለት ነው። በመቶኛ ሪፖርት ሲቀርብም የናሙናው መጠን አብሮ ይጻፍ፦ በዕጣ የተመረጡ 100 ሰዎች መልስ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 10 ነጥብ ሊስት ይችላል፣ የ400 ሰዎች እስከ 5 ነጥብ። በ40 ሰው መልስ «እርካታ በ6 ነጥብ ጨመረ» ማለት ምንም አለማለት ነው።

በመስኮት ያለው ሠራተኛም አስተያየት ሰጪ ነው። «ሲስተም የለም» ከማለቱ በፊት ከስድስት ቁልፎች አንዱን ይጫን፦ ኢንተርኔት፣ መብራት፣ መግባት አልተቻለም፣ በጣም ዘገየ፣ ቅጹ አልቀበልም አለ፣ ክፍያው አልታየም። ከስድስት ከበለጡ ሠራተኛው ሁልጊዜ የመጀመሪያውን መጫን ይጀምራል። የመጨረሻው ቁልፍ ልዩ ትኩረት ይሻል፦ ሰው በቴሌብር ወይም በባንክ ከፍሎ ማረጋገጫው ወደ ሲስተሙ ሳይመለስ ሲቀር ሁለተኛ ይከፍላል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ማረጋገጫ ያልመጣላቸው ክፍያዎች ብዛት በየቀኑ መታየት አለበት። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን፤ የእርካታ ነጥቡ የሠራተኛው የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ከሆነ ባለጉዳዩ ነጥብ የሚሰጥበትን ታብሌት የሚጫነው ራሱ ሠራተኛው ይሆናል። ነጥቡ ለሶፍትዌሩ ይሁን።

መመዝገብ ሲባል ሁሉንም መመዝገብ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የአባት ስም ሳጥን ስሕተት እንዳሳየ ይመዝገብ፤ በሳጥኑ የተጻፈው ስም አይመዝገብ። የፋይዳ ቁጥር፣ ስልክ ቁጥርና የማረጋገጫ ቁጥር በሎግ (ሲስተሙ በራሱ በሚይዘው የክንውን መዝገብ) ውስጥ አይግቡ፤ ፕሮግራመሮች ስሕተት ለመፈለግ ሲሉ ብዙ ጊዜ ያስገቧቸዋልና ይህ በየጊዜው ይመርመር። ያልተገኘ ፍለጋ ሲመዘገብም ያለ ፈላጊው ማንነት ይሁን። ዝርዝሩ ለምሳሌ ከ90 ቀን በኋላ ይጥፋ፤ ድምሩ ይቆይ። የአጠቃቀም መለኪያውም በራሳችን ሰርቨር ላይ ቢተከል ይመረጣል፤ ነጻ የውጭ አገልግሎት ሲገጠም መረጃው ከአገር ይወጣል፣ ዐዋጁ ደግሞ ለዚህ ቅድመ ሁኔታ አለው።

ማሻሻያ ሲወጣ በመጀመሪያ ለ10 በመቶ ተጠቃሚ ይድረስ፤ የማጠናቀቅ ምጣኔው በዚያው ሳምንት ካልደረሳቸው ጋር ይነጻጸር፤ ከወረደ በዚያው ቀን ይመለስ። የሰኔን ውጤት ከሐምሌ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል፤ ሐምሌ የግብር ወቅት ነው፣ የሚመጣውም ሰው ሌላ ነው። በዚያ ወቅት አጣዳፊ ጥገና ካልሆነ በቀር ምንም አይቀየር።

ይህ ሁሉ በጨረታ ሰነድ ላይ ከሌለ አይሆንም። ሶፍትዌር የሚሠራው ድርጅት በቢጋሩ የተዘረዘረውን አስረክቦ፣ ርክክብ ተፈርሞ፣ የመጨረሻው ክፍያ ተፈጽሞ ይሄዳል። ችግሮቹ የሚታዩት ግን ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ አንዲት ሳጥን ለመቀየር አዲስ ግዥ ያስፈልጋል፤ መረጃ ቢሰበሰብም የሚሠራበት ሰው የለም።

ስለዚህ ሚኒስቴሩን የምንጠይቀው እነዚህን ነው። የመንግሥት ሶፍትዌር ውል ከዋጋው ቢያንስ ሩብ ያህሉን ከሥራ ማስጀመር በኋላ ላሉት 12 ወራት ማሻሻያ እንዲይዝ፣ የምንጭ ኮዱና የአጠቃቀም መዝገቡም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት እንዲሆኑ ይደንገግ። ለእያንዳንዱ አገልግሎት ስሙ የሚታወቅ አንድ ኃላፊ ይመደብ፤ ሳጥን ለመቀየር የኮሚቴ ፈቃድ የማይጠብቅ። ከመጪው በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮም ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው ሦስት አገልግሎቶች ተመርጠው አራት ቁጥሮች በየወሩ ለሕዝብ ይለጠፉ፦ ከጀመሩት ስንቱ ጨረሰ፣ ለመጨረስ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ስንቱ በሌላ ሰው እርዳታ ሞላ፣ በአስተያየት ምክንያት ምን ተቀየረ። ቁጥሮቹ መጀመሪያ ላይ ዝቅ ብለው ቢታዩ አይደንግጡ፤ አሁንም ዝቅ ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ፣ የሚያያቸው ስለሌለ ነው እንጂ።

ከአክብሮት ጋር
በሶፍትዌር ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
የኦንላይን አገልግሎት ለሚሰጡ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የአይሲቲ ሥራ ክፍሎች