አባባ፣ ሥጋ ቤቱ አሁንም አለ?

ይድረስ ለውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዓይንዎ ስለደከመ ይህን የሚያነብልዎት ወንድም ጋሼ እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድም ጋሼ፣ እየዘለልክ እንዳታነብላቸው።

ትንሿ ባለፈው እሑድ አሥር ዓመት ሞላት። ከቅዳሴ ስንወጣ «የት እንብላ?» ብላት፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ አዲስ የተከፈተ የአሜሪካኖች ምግብ ቤት መረጠች። በሩ ላይ «ኮምፈርት ፉድ» ተብሎ ተጽፏል። ሰው ሲከፋው ወይ ሲበርደው የሚያምረው፣ ልጅ እያለ ቤቱ የበላው ምግብ ማለታቸው ነው። ሆድ የሚይዝ ነገር።

መጀመሪያ መኮሮኒ በአይብ መጣ። በትንሽ የብረት ድስት፣ ላዩ ቡናማ ሆኖ፣ በማንኪያ ሲያነሱት አይቡ እንደ ክር ይሳባል። ትልቁ ስልኩን አውጥቶ «ክራፍት የሚባለው ኩባንያ በካርቶን መሸጥ የጀመረው በ1937 ነው፤ የአራት ሰው በ19 ሳንቲም» አለን። በእኛ 1929 ወይም 30 መሆኑ ነው። አያቴ ጫካ የነበሩበት ጊዜ! እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ መኮሮኒ ቤታቸው እንዳልገባ ስነግራቸው ልጆቹ በሳቅ ሞቱ።

ሚትሎፍ የሚሉትም አለ። የተፈጨ ሥጋ ከዳቦ ፍርፋሪና ከእንቁላል ጋር ተለውሶ፣ ካቻፕ ተቀብቶ እንደ ዳቦ ይጋገራል። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ፣ ሥራ በጠፋበት ዘመን፣ ሥጋው እንዲበረክት ብለው ያዘወተሩት ነው። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሩብ ኪሎ ሥጋ በድንች ለስምንት ሰው ታዳርስ አልነበር? ያው ነው። ጎመኑን ግን አልነካሁትም። ጎመኑ እኛም ከገበያ የምንገዛው ነው፤ እነሱ ግን ብዙ ጊዜ በአሳማ ይቀቅሉታል። አስተናጋጁን ስጠይቀው «አዎ፣ የተጨሰ የአሳማ እግር አለበት» አለኝ። ሳህኑን ወደዚያ ገፋሁት።

እግር ካነሳሁ አይቀር፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እግርዎን በፍል ውሃና በጨው ይዘፈዝፋሉ አሉ። አባባ፣ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል። ውሃው ቢያቃጥልዎትም አይሰማዎትም። በባዶ እግርዎ ግቢ አይውጡ። ማታ ማታ ውስጥ እግርዎን አንድ ሰው ይይልዎት። ጸበሉን አልከለክልም፣ መርፌውን ግን አያቋርጡ። ሐኪሙ ስለ ጣትዎ ያለውንም ሰምቻለሁ። እሱን በኋላ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው። ትንሿ ቫዮሊን ጀምራለች፣ ጆሯችን አለቀ። ኬኳን እየበላች «የአንቺስ ኮምፈርት ፉድ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሽሮ አልኳት። ዋሸኋት።

አባባ፣ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ወንድም ጋሼን ይዘው ሥጋ ቤት ይሄዱ ነበር። እኔም ጫማዬን አድርጌ በር ላይ እቆማለሁ። «ሴት ልጅ ሆቴል ገብታ አትበላም» ይሉኛል። ስምንት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ወንድም ጋሼ እንደ ትልቅ ሰው ስቴኪኒ በአፉ ይዞ ተመለሰ። ሸሚዙ ቅቤና የጥብስ ቅጠል ይሸታል። ስቴኪኒውን ሲጥለው ከመሬት አንስቼ አሸተትኩት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አጥንት በጋዜጣ ጠቅልለው ያመጡልኝ እንደነበር አልክድም። ግን ቀዝቅዞ ነበር የሚደርሰው። ሞራው ጋዜጣው ላይ ይረጋል፣ ፊደሉ ሥጋው ላይ ይታተማል። ዛሬ 46 ዓመቴ ነው፤ ምግብ ቤት ስገባ አሁንም የምቀመጠው ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው። ተነሺ የሚለኝ ሰው የሚመጣ ይመስለኛል። ባሌ ይስቅብኛል።

ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ቮልሷን ሸጠው የላኩኝም እርስዎ ነዎት። አልረሳሁም። ይሄኛው ግን አልወጣልኝ አለ።

ጣትዎን በተመለከተ፣ ሐኪሙ ይቆረጥ ያለው አንድ ጣት ነው። አንድ። ዛሬ እምቢ ብለው ነገ ቁስሉ ወደ ላይ ከወጣ... አልጨርሰውም። ወንድም ጋሼ፣ ይህችን ሁለቴ አንብብላቸው።

ትንሽ ብር ልኬያለሁ። ለሰፊ ጫማ ነው፣ ለሰንበቴ እንዳያውሉብኝ። ለፋሲካ ትኬት ቆርጫለሁ። ሥጋ ቤቱ አሁንም አለ? ካለ እርስዎና እኔ ብቻችንን በእግራችን እንሄዳለን፣ ቀስ እያልን። ወንድም ጋሼ ቤት ይጠብቅ። አጥንት በጋዜጣ ጠቅልለን እናመጣለታለን።

ልጅዎ